ከበሽታው ስም በፊት

አዲስ የተመደበች ነርስ የወባውን መመሪያ እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ ምርመራው ወባ የለም ካለ የትኛውን ልክፈት?» አለችኝ። እኔ በምሠራባት ይፋግ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አላውቅም። መመሪያዎቻችን በየበሽታው ተከፋፍለው ተጽፈዋል፤ ታማሚው ግን የበሽታውን ስም ይዞ አይመጣም፤ «ያተኩሰኛል፣ ይቆረጥመኛል» ይላል።

ባልደረቦቼ በበሽታ መከፋፈሉ ለሥልጠናም ለሪፖርትም ይመቻል ብለው ይሞግቱኛል። ለሪፖርት ይመች ይሆናል። በገበያ ቀን ሰልፉ በሩ ድረስ ለሚደርስ ተመላላሽ ክፍል ግን ከምልክቱ የሚነሳ ገጽ ነው የሚያስፈልገው።

በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር የተባለው በሽታ ሲነሳ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። አጎቴም ያን ሰሞን የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ዋጠ። ጣፊያው አብጦ ሆዱ ተወጠረ፣ ሰውነቱ አለቀ፣ የእርሻ በሬው ተሸጠ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከም ሲጀምሩ ሕመሙ ታወቀለት፤ 30 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወግቶ ዳነ።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያ ካበጠ ወይም ሰውነት ከከሳ፣ ወባም ካልተገኘ፣ ለካላዛር ይመርመር። ነገሩ ይኸው ነው። ይህ መስመር በትኩሳት ገጽ ላይ ቢሰፍር ትኩሳት ያየ ሁሉ ያነበዋል። በካላዛር መመሪያ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ግን የሚያገኘው አስቀድሞ ካላዛርን የጠረጠረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መስመሩ ብዙም አያስፈልገውም።

ሰዓት ላይም ድርቅ እላለሁ። የወባ መድኃኒቱ የኮአርተም ሁለተኛው መጠን «ከ8 ሰዓት በኋላ» ተብሎ ሲጻፍ፣ እናትየዋ ከምሳ በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ትረዳለች፤ ማን ይፈርድባታል? እኔ «ጠዋት 2 ሰዓት ከዋጠ፣ 10 ሰዓት ላይ ይድገም፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ» ብዬ እጽፋለሁ። ኪሎውንም እንዲሁ፦ ከ15 እስከ 24 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በየጊዜው 2 ፍሬ፣ እስከ 3 ቀን። «እንደ ክብደቱ» የሚል ቃል እኔ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

እንዲህ ያለ ገጽ ስጽፍ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያኔ አጎቴን የመረመረው ባለሙያ ነው። ትጉህ ሰው ነበር፤ በየጊዜው ደሙን አይቷል፣ መዝግቧል። ፊቱ የነበረው መመሪያ ስለ ወባ ብቻ ነበር።