ክፉውን ሁሉ መኪና ይግጨው ወይ?

የተማሪዎችን አጫጭር ልቦለዶች ስናነብ አንድ ነገር ይደጋገምብናል። ግፈኛው ሀብታም ድሃውን ሲበድልና ሲያስለቅስ ይቆይና መጨረሻው ገጽ ላይ መኪና ይገጨዋል። ደራሲውን ብንጠይቀው «ቅኔያዊ ፍትሕ ነዋ!» ይለናል። እኛ ግን አይደለም ባዮች ነን።

ስያሜው የመጣው ከእንግሊዛዊው ሐያሲ ከቶማስ ራይመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1678 ከወጣው መጽሐፉ። በድርሰት ውስጥ ደግ ይካስ፣ ክፉ ይቀጣ ነው ነገሩ። ይሁን እንጂ መቀጣቱ ብቻውን አይበቃም። ወርቁ ከሰሙ ውስጥ እንደሚወጣ ሁሉ ቅጣቱም ከራሱ ከጥፋቱ ሆድ መውጣት አለበት።

እስቲ ከኑሯችን እንውሰድ። አንድ ተማሪ ጓደኞቹ እንዳያነቡት ብሎ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ከማይገባው መደርደሪያ ይሸጉጠዋል እንበል። ሠራተኞቹ አግኝተው ወደ ቦታው ይመልሱታል። በፈተናው ዋዜማ ጓደኞቹ ተራ በተራ ሲያነቡት እሱ የደበቀበትን መደርደሪያ ሲበረብር ያመሻል። ቅቤ በሙዝ እየደባለቀ የሚሸጥ ነጋዴም ለልጁ ሠርግ የተገዛው ቅቤ ዞሮ ዞሮ ያው የራሱ ሆኖ ይገኛል። ሐማም የተሰቀለው ለመርዶክዮስ ብሎ ባሠራው ባለ 50 ክንድ ግንድ ላይ ነው። መኪናማ ደጉንም ይገጫል!

ታዲያ ድርሰት ሁሉ በፍርድ ይለቅ ማለታችን ነው? አይደለም። ናሆም ቴት የተባለ ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1681 የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ለውጦ ኮርዴሊያን ከሞት አዳናት፣ ዳራትም። የእንግሊዝ መድረክ ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሲጽናና ኖረ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አላዳሉም። ሠርግ ደግሰውላቸው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ከድነን፣ እፎይ ብለን በተኛን ነበር። አሁን ግን «ለምን?» እያልን ከዚያ የጉልተኛ ሥርዓት ጋር ስንሟገት እናድራለን። ፍርዱ ለእኛ ተትቷል ማለት ነው።

እናንት የምትጽፉ ጓደኞቻችን፣ ክፉውን መቅጣት ካማራችሁ ገመዱን ከገዛ ሥራው ግመዱለት። ካልሆነላችሁም ሳይቀጣ ይለፍ፤ የምንቆጣው እኛ አንባቢዎቹ ነን። ያንን ቁጣችንን ግን በመኪና አትግጩብን።