«እኔ ማላላ ነኝ»፦ ከጥይቱ በፊት የነበረችው ተማሪ

በዚህ እትም የምንመለከተው መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ሳታነቡት የምታውቁት መጽሐፍ ነው። የማላላ ዩሳፍዛይን ስም ያልሰማ ወጣት እምብዛም የለም። ስሟ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥይት መመታቷ። መጽሐፉን ከዚያ ጥይት ተነሥተን ካነበብነው የምናገኘው ጀግና ነው። ከደብተሯ ተነሥተን ካነበብነው ግን ፈተና የምትፈራ፣ ከክፍል አንደኛ ለመውጣት የምትጨነቅ አንዲት ተማሪ እናገኛለን። በእኔ እምነት መጽሐፉ ጠንካራ የሆነው ስለ ተማሪዋ ሲናገር ነው፤ እኛም ልናነበው የሚገባን ስለ እርሷ ብለን ነው።

«እኔ ማላላ ነኝ» በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ፓኪስታን የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማላላ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የጻፈችውም ብቻዋን ሳይሆን ክርስቲና ላምብ ከተባለች እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ጋር ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ በስዋት ሸለቆ፣ ሚንጎራ በምትባል ከተማ ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው ኦክቶበር 9 ቀን 2012 ተማሪዎችን ከፈተና ወደ ቤት በምትመልስ መኪና ውስጥ ነው። አንዱ ሰው መኪናዋን አስቆመ፤ ሌላው ከኋላ በኩል መጥቶ ማላላ የትኛዋ እንደ ሆነች ጠየቀ፤ ከዚያም ተኮሰ። እርሷና ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ቆሰሉ። የመጽሐፉ ርእስ ማላላ በዚያች ቅጽበት ልትመልሰው ላልቻለችው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ነው። ለዚያ መልስ ሥጋ የሚያለብሱት ግን ከመግቢያው በኋላ የሚመጡት፣ ወደ ልጅነቷ የሚመልሱን ምዕራፎች ናቸው።

ማላላ የተወለደችው በ1997 ነው። በፓሽቱን ሕዝብ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ ጥይት ይተኮሳል፤ ሴት ስትወለድ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በወንዱና በሴቷ ልደት መካከል የእልልታውን ቁጥር የሚለዩ አካባቢዎች በእኛም ዘንድ አሉ። አባቷ ዚያውዲን ዩሳፍዛይ ግን ለወንድ ልጅ እንደሚደረገው ሁሉ ወዳጆቻቸውን በአልጋዋ ላይ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ጣፋጭና ሳንቲም እንዲበትኑ ጠየቁ። አንድ ዘመዳቸው የቤተ ሰቡን የዘር ሐረግ ይዞ መጣ፤ በውስጡ የሰፈረው የወንድ ስም ብቻ ነበር። አባትየው ከራሳቸው ስም ወደ ታች መስመር አሰመሩና ጫፉ ላይ «ማላላ» ብለው ጻፉ። የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ የምታውቁ ሁሉ የዚህ መስመር ትርጉም አይጠፋችሁም። በዚያ ረጅም የአባቶች ዝርዝር መካከል ትዕማር፣ ረዓብና ሩት በስማቸው መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት መግባቷ የሚጀምረው እንደ ሰው ተቆጥራ ስሟ ከተጻፈበት ቀን ነው።

ዚያውዲን በልጅነታቸው የሚንተባተቡ፣ በንግግር ውድድር ፍርሃታቸውን ያሸነፉ ሰው ናቸው። በኋላም ያለ በቂ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ማላላ አፏን ሳትፈታ በባዶ ክፍሎቹ ውስጥ ትድህ ነበር። መጽሐፉ እነዚህን ሲተርክ ማላላን መልአክ አድርጎ አያቀርባትም። የጎረቤት ልጅ መጫወቻ መስረቋን፣ ስትጠየቅም መዋሸቷን ትናገራለች። አንደኝነቷን ሌላ ልጅ ስትወስድባት ማልቀሷን አትደብቅም። አንድ ቀን ቆሻሻ ልትደፋ ሄዳ እዚያው ቆሻሻ የምትለይ እኩያዋን ልጅ አየች፤ አባቷም እንደዚያ ላሉ ልጆች በትምህርት ቤታቸው የነጻ ቦታ እንዲሰጡ ለመነች። እንደነዚህ ያሉትን ገጾች አሳምሮ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ታላቅ ነገር አይፈጸምባቸውምና። ሆኖም በኋላ የሚዘጋው የትምህርት ቤት በር ምን ዓይነት ሕይወት ላይ እንደ ተዘጋ የምናውቀው በእነርሱ ነው።

ጦርነቱ ወደ ሸለቆው የገባበት መንገድ ሌላው የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ነው። በመጀመሪያ የመጣው በሬዲዮ ነበር። በ2005 ብዙ ሕዝብ የጨረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ በአካባቢው ደረሰ፤ ሰባኪዎችም የእግዚአብሔር ማስጠንቀቂያ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ማውላና ፋዝሉላህ የተባለ ሰው በኤፍ ኤም ጣቢያ መናገር ጀመረ። ጸሎትን አዘውትሩ፣ ትንባሆ ተዉ እያለ ስለ መከረ ሰዎች ወደዱት፤ ሴቶችም የወርቅ ጌጣቸውን አውልቀው ሰጡት። ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ሲዲ ይቃጠል አለ። ከዚያም ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶችን በስማቸው እየጠራ በሬዲዮ ያመሰግን ጀመር። በመጨረሻ ትምህርት ቤቶች በሌሊት በፈንጂ ይፈርሱ ጀመር። ማላላ በኋላ በኖቤል ሽልማት ንግግሯ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች መውደማቸውን ተናግራለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለበጎ ነገር ነው፤ ክፉም እንዲሁ እግር እንደሚያወጣ ይህ ክፍል ያሳያል። ዛሬ በስልካችን ስንቱን ድምፅ ሳንመረምር እንደምናስገባ ለሚያስብ ወጣት ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበጀዋል።

የሴቶች ትምህርት ቤቶች ከጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ጀምሮ እንዲዘጉ ታወጀ። የ11 ዓመቷ ማላላ በዚያው ሰሞን ጉል መካይ በሚል የብዕር ስም ለቢቢሲ የኡርዱ ክፍል የዕለት ማስታወሻዋን ትሰጥ ነበር፤ እርሷ በስልክ ትናገራለች፣ ጋዜጠኛው ይጽፋል። በኋላ ለትንንሽ ልጃገረዶች ብቻ ሲፈቀድ እርሷና ጓደኞቿ ዕድሜያቸውን ቀንሰው፣ ዩኒፎርማቸውን ትተው፣ መጻሕፍታቸውን በነጠላቸው ሸሽገው መሄድ ቀጠሉ። በግንቦት ወር ሠራዊቱ ዘመቻ ሲጀምር የሸለቆው ሕዝብ ተፈናቀለ። ቤተ ሰቡ ሲወጣ ወንድሟ ጫጩቶቹን፣ እርሷ የደብተር ቦርሳዋን ለመውሰድ ለመኑ፤ ሁለቱም ተከለከሉ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲመለሱ ቦርሳዋን ካስቀመጠችበት አገኘችው፤ መጻሕፍቱንም አንድ በአንድ እያወጣች ተመለከተቻቸው። ስለ ጦርነት ብዙ የተጻፈ ነገር አለ፤ ጦርነት ከልጅ ላይ ምን እንደሚወስድ ግን እንደዚህች ቦርሳ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁን ገጽ ምረጥ ብባል የምመርጠው የእናቷን ገጽ ነው። ቶር ፔካይ በስድስት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በክፍሉ ሴት እርሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ፣ ጓደኞቻቸው ውጭ ሲጫወቱ ስላዩ፣ መጻሕፍታቸውን ሸጠው ከረሜላ ገዙበት፤ ወደ ትምህርትም አልተመለሱም። የከለከላቸው ሰው አልነበረም፤ ለምን ቀረሽ ብሎ የተቆጣም አልነበረም። ዓመታት አለፉ፤ የትምህርት ቤት ባለቤት አገቡ፤ መጻፍና ማንበብ የማይችሉ እናትም ሆኑ። ማላላ በተመታችበት ዕለት፣ በዚያው ሰዓት፣ ቶር ፔካይ የመጀመሪያውን የንባብ ትምህርታቸውን ሊወስዱ ተዘጋጅተው ነበር። ጥይቱ የልጂቱን ብቻ ሳይሆን የእናቲቱንም ትምህርት አቋረጠ። መጽሐፉ ይህን ብዙ ሳያብራራ ያልፈዋል፤ ማለፉም መልካም ነው። አንባቢው ግን እዚህ ሊቆም ይገባዋል። የአንዲት ሴት ትምህርት የሚቋረጠው በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ቀርታ ሳለ ማንም ባለመጠየቁም ይቋረጣል።

ድካሙንም እንናገር። መጽሐፉ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው የልጅቷ ነው፤ ሕያው፣ ቀልደኛ፣ አንዳንዴም ግትር። ሁለተኛው ስለ ጄኔራል ዚያ፣ ስለ ሙሻራፍና ስለ ፓኪስታን ፖለቲካ የሚያስረዳ የጋዜጠኛ ድምፅ ነው። ማብራሪያው ለሩቅ አገር አንባቢ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በልጅቷ አፍ ሲነገር አይመጥናትም። ብዙ አንባቢ በመካከል የሚሰለቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በርሚንግሃም ከደረሱ በኋላ ያለው የመጨረሻው ክፍልም ይቸኩላል፤ የሚንጎራን የትምህርት ቤት ግቢ ሽታ ሳይቀር ያሳየን መጽሐፍ አዲሱን ኑሮ ከሩቅ ያሳየናል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የአባትየው ነው። ልጃቸውን አደባባይ ያወጡ እርሳቸው አይደሉምን? መጽሐፉ ከጥያቄው አይሸሽም። ታጣቂዎቹ ልጅ አይነኩም ብለው ያስቡ እንደ ነበር ይነግረናል። በእርሷ ላይ ዛቻ ሲመጣም ለጊዜው ዝም እንበል ብለው ነበር፤ እምቢ ያለችው እርሷ ናት። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የልጅ እምቢታ የወላጅን ኃላፊነት አያነሣም፤ ልጅ አባቷን እየወደደች የጻፈችው መጽሐፍም አባቷን ሊመዝን አይችልም። መጽሐፉ ጥያቄውን አንሥቶ ቶሎ መመለሱን እንደ ድካም እቆጥረዋለሁ። ዚያውዲንን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰላም በሌለበት አገር አባት ልጁን ቢያስተምር ያሰጋታል፣ ባያስተምር ይቀብራታል። ያ ጭንቅ ሰፋ ብሎ ሊጻፍ የሚገባው ነበር።

አሁን ወደ ጀግናዋና ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ማላላ በ2014 በ17 ዓመቷ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ስትቀበል ከተሸላሚዎች ሁሉ ትንሿ ሆነች፤ በ2020 ደግሞ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ይህ ያስደስታል፤ ግን አደጋም አለው። በጦርነት መካከል ለመማር ጀግና መሆን ግድ ነው ብለን ካመንን፣ ጀግና ያልሆነችውን ልጅ ረሳናት። በእኛ አገር ትግራይ ውስጥ በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ልጆች ለሦስት ዓመት ገደማ ክፍል ሳይገቡ ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በአፍጋኒስታን ከ2021 ወዲህ ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለዋል። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ማስታወሻ አልጻፉም፤ ንግግር አላደረጉም። ያላቸው ፍላጎት ግን ማላላ ቦርሳዋን ስታገኝ ከተሰማት የተለየ አይደለም። ቆሻሻ ስትለይ የታየችው ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ መቅረቷ ለዚህ ነው የሚጠቅመን።

ከእናንተ አንዳንዱ፣ የአንዲት ሙስሊም ልጅ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። መጽሐፉን ሌላውን ለመናቂያ የሚያነብ ካለ አላነበበውም። ትምህርት ቤት ያፈረሱት በእምነት ስም ነው የመጡት፤ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት፣ የተማሩበትና ስለ እርሱ የቆሰሉትም የዚያው እምነት ልጆች ናቸው። ልጅቷ የቆሰለች ዕለት እናቷ ሄሊኮፕተሩ በላያቸው ሲያልፍ ጣሪያ ላይ ወጥተው መሸፈኛቸውን ከራሳቸው አውልቀው ወደ ሰማይ ዘረጉ። የሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ ያነበበ ሰው የእናት ልመና ምን እንደሚመስል ያውቃል። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ በር የሚዘጋ ሰው በየትኛውም ቤት ሊነሣ ይችላል፤ በእኛም ቤት።

እንግዲህ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ በ2014 ለወጣቶች በቀለለ መልክ የተዘጋጀውን እትም ፈልጉ፤ የፖለቲካው ማብራሪያ ይቀንሳል፣ የልጅቷም ድምፅ ይጎላል። ለጥናት ቡድን የምታነቡ ከሆነ ከእናቲቱ ገጽ ጀምሩ፤ ከዚያም በአጥቢያችሁ ከግጭት ሸሽተው የመጡ ቤተ ሰቦች ካሉ የልጆቻቸውን ትምህርት ጠይቁ። የትኛው ክፍል ላይ እንዳቆመች፣ የትምህርት ማስረጃዋ እጇ ላይ እንዳለ፣ ደብተር እንዳላት ጠይቁ። ቶር ፔካይ ከረሜላውን በገዙበት ቀን የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነበር። በኋላ በበርሚንግሃም እርሳቸውም ቁጭ ብለው ፊደል መቁጠር ጀምረዋል።