ወንዝ በመድብል፣ ወንዝ በብር ጀርባ

በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ የወንዝ ገጽታ ሥዕሎችን በመድብል ማሳተም ራሱን የቻለ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነበር። ራይንና ቴምዝ ገጽ በገጽ ተሥለዋል፤ ባለጸጋውም መድብሉን በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ አገር ያይ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ ዘርፍ ድርሻ አላት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተማቸው 24 ትልልቅ ሥዕሎች ውስጥ የአክሱም ሐውልት ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ሂስ የሚገባው ግን የጀርመናዊው ሠዓሊ የዮሐን ማርቲን በርናትዝ ሥራ ነው።

በርናትዝ በሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ሠዓሊ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን ምድረ በዳ አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ዘለቀ። በዚያው ዓመት የንግድ ውል ተፈረመ። ሥዕሎቹ፣ 48 ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1852 በሁለት ቅጽ በድንጋይ ኅትመት ወጡ፤ የመጀመሪያው ቆላውን፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ይዟል።

እንግዲህ ብሩሹና ውሉ በአንድ ጓዝ ተጭነው መጡ ማለት ነው። ይህን ይዘው ሥዕሎቹን በጅምላ የሚያወግዙ አሉ። በእኔ አስተያየት ፍርዱ ችኩል ነው። ፎቶግራፍ ገና ወደ ሸዋ ባልደረሰበት ዘመን ያ ምድር ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን እጅ ከዚህ የተሻለ ብዙ የለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። መድብሉ የተሠራው በመንገደኛ ቅደም ተከተል ነው፤ ለመንገደኛ ደግሞ ወንዝ ወይ መሻገሪያ ወይ ማረፊያ ነው። ከብቱን ዕድሜ ልኩን ከዚያው ወንዝ የሚያጠጣው አፋር አዋሽን በዚህ ቅደም ተከተል አያየውም።

ለመሆኑ ይህን ውድ መድብል ስንት ኢትዮጵያዊ ገለጠው? ሰፊው ሕዝብ በእጁ የያዘው የወንዝ ሥዕል ሌላ ነው፤ በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የታተመው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ። ከእህል በረንዳ እስከ ሸማ ተራ፣ መርካቶ ይህን ሥዕል ቆጥራዋለች፣ አጥፋዋለች፣ በመቀነት ቋጥራዋለች። ሐያሲ ግን አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየውም! በፏፏቴው አጠገብ የተሣሉት ወፎች ናቸው፤ መንገደኛ የለም፣ ገበሬም የለም። በ2002 ዓ.ም. በተቀረጸው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ፏፏቴው ቀርቶ ሚዛን ገብቷል።

ለሠዓሊዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ስለ አዋሽ ነው። ክረምት ሲገባ ከመርካቶ የሚወርደው ጎርፍ፣ ቆሻሻውን እንደ ተሸከመ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም በርናትዝ ወደ ተሻገረው አዋሽ ይገባል። አንድ መድብል ከዚህ ቢጀምርስ? የቆቃን ግድብ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ፣ ውሃው እየሳሳ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀርበትን ምድር፣ በየዳሩም የሚሠራውን ሰው ይዞ ቢወጣ፣ የመንገደኛው ቅደም ተከተል ይሰበራል። ኅትመቱ የበርናትዝን ያህል ውድ መሆን የለበትም፤ በእህል በረንዳ የሚውል ተሸካሚ ሊገዛው የሚችል ተራ ወረቀት ይበቃዋል።