የክራንክ ሴንሰር ሥራ የሚመዘነው በጋለ ሞተር ነው

ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆይ የሚጠፋ፣ ትንሽ ሲያርፍ ግን ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ይቀየርለታል። የቼክ ኢንጅን መብራት ይጠፋል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። ይህ የሥራ ጥራት ማስረጃ አይሆንም። ከሙቀት ጋር የሚመጣ ብልሽት በቀዝቃዛ ሞተር አይፈተንማ! ጥሩ ባለሙያ ሞተሩን ካጋለ በኋላ የሴንሰሩን ምልክት በሞተሩ ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ይለካል፤ ሴንሰሩ ደህና ሆኖ መልእክቱ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

በከተማችን የሞሉትን ቶዮታዎች እንውሰድ። በብዙዎቹ ሴንሰሩ የሚያነበው የክራንክ ባለ ጥርስ ቀለበት ለ36 ጥርስ ተከፍሎ ሁለቱ ተነስተው 34 ይቀራሉ፤ ኮምፒውተሩ የፒስተኑን ቦታ የሚያውቀው በዚያ ክፍተት ነው። ባለ ሁለት ሽቦው ማግኔታዊ ሴንሰር ሽቦዎቹ ቢገለበጡ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ያው ነው፤ ሞገዱ ግን ይገለበጣል፣ የካንዴላው እሳትም ጊዜውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ «ኦሙ ልክ ነው» ማለት ሥራው ልክ ነው ማለት አይደለም። በሽቦው ላይ የተጠመጠመው መከላከያ መረብም ከአንድ ጫፍ ብቻ ነው መሬት መያዝ ያለበት፤ በሁለቱም ከያዘ የቦዲው ጅረት ያልፍበትና ምልክቱን ይረብሻል። በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ቅጥያ ካዩ፣ የሠራው ሰው ችኩል ነበር። ባለ ሦስት ሽቦው ሴንሰር ላይ ደግሞ የመሬቱ ሽቦ ሞተሪኖው እየዞረ መለካት አለበት፤ ቆሞ ሲለካ ደህና የሚመስል መሬት ጭነት ሲመጣ ይከዳል።

የምልክቱን ሞገድ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ውድ ነው፣ አዲስ ሴንሰር ከምርመራ ይረክሳል የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው፤ የሞገዱን ቅርጽ ሌላ መሣሪያ አያሳይም። ይሁንና በተራ ቴስተር ሽቦውን እያወዛወዙ መለካትና ሞተሪኖው ሲዞር የዲያግኖስቲክ ማሽኑ የሞተር ዙር ማሳየቱን ማየት ብዙ ይነግራል፤ ሞተሩ እየዞረ ዜሮ ካነበበ ምልክቱ አልደረሰም። ሁለተኛው ግን አያስኬድም። ሲግል ጠመዝማዛው የሚበጠስ ሴንሰር በእርግጥ አለ፤ ከመቀየሩ በፊት ካልተለካ ግን ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ማን ያውቃል? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው፤ በየጥገናው የሚቆራረጥ ሽቦ ይህን ያህል ዓመት አይችልም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ በጋለ ሞተር የተለካውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ለምርመራው ጊዜም ሳይሰስቱ ይክፈሉ።