ቀዩ ቀለም የት ሄደ?

አፍንጮ በር ታክሲ ስጠብቅ አንድ የአማርኛ ዜና ድረ ገጽ ከፈትኩ፤ ስሙ ይቅር። ማስታወቂያው፣ ርዕሱ፣ ዜናው እኩል ይጮኻል። ዓይን የቱን ይያዝ?

እንግሊዝኛ ቢያንስ አቢይና ንዑስ ሆሄ አለው፤ የኛ ፊደል ይህ የለውም። ስለዚህ ርዕስን ከዜና የሚለየው በዋናነት መጠን፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ይህን ድሮ የብራና ጸሐፊዎች ፈትተውታል፦ ሰፊ ኅዳግ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓምድ፣ የምዕራፍ መክፈቻና የቅዱሳን ስም በቀይ። ሽቅብ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናዎቹ አሉላችሁ። ቀዩ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ «ከዚህ ጀምር» ይላል።

ዛሬ ቀይ የቀረው «ሰበር ዜና» ላይ ነው፤ ያውም ከሰበረ ሦስት ቀን ያለፈው! እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው ግን ላይ የሚንሸራተተውን ፎቶ ነው። ዳታችንን የሚበላው እሱ ነዋ።