አራቱ ቁንጮዎችና ያልተጠየቀው ንጉሥ

ብልህ ሰው ግፈኛን ንጉሥ ሲረታ የሚያሳይ ተረት ሁላችንም እንወዳለን። የሴኔጋል ዎሎፎች ስለ ኮች ባርማ ፋል የሚተርኩትን ግን ከሳቁ አልፈን ብንመረምረው ይጠቅመናል።

ኮች በ17ኛው መቶ ዘመን በካዮር መንግሥት የኖረ ጠቢብ ነው። የካዮር ነገሥታት ዳሜል ይባሉ ነበር። በተረቱ ኮች የልጁን ራስ ላጭቶ አራት ቁንጮ ተወለት፤ እያንዳንዱ ቁንጮ አንድ እውነት እንደያዘ፣ ምሥጢሩንም ከእርሱና ከሚስቱ በቀር ማንም እንደማያውቅ ተናገረ። ዳሜሉ ጓጓ፤ ሚስቲቱንም በስጦታ አባብሎ አውጣጣት። እውነቶቹ እነዚህ ነበሩ፦ ንጉሥ ዘመድ አይሆንም፤ የእንጀራ ልጅ ልጅ አይሆንም፤ ሚስትህን ውደድ፣ ምሥጢርህን ግን አትንገራት፤ ሽማግሌ ለአገር ያስፈልጋል።

ንጉሡ ተቆጥቶ ሞት ፈረደበት። ኮች ታስሮ ሲወሰድ የእንጀራ ልጁ፣ ልብሱ በደም እንዳይበላሽ አስቀድሞ እንዲሰጠው ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ግን ንጉሡ ፊት ቀርቦ ስለ ኮች ለመነ፤ ኮችም ተፈታ። ያን ጊዜ፣ የተናገርኩት ሁሉ አልተፈጸመም ወይ ብሎ ንጉሡን አፉን አስያዘው።

የተረቱ ኃይል እዚህ ላይ ነው። ኮች ስለ መጀመሪያው ቁንጮ አንድም ክርክር አላነሣም። ንጉሡ ያን ቃል ሐሰት ለማድረግ ቢፈልግ መንገዱ ምሕረት ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን ሞት በመፍረድ ራሱ አጸደቀው። ግፍ ብዙ ጊዜ የሚረታው በገዛ ሥራው ነው።

ሚዛኑ ያጋደለበት ቦታም አለ። ተረቱ በአንዲት ሚስት ድካም ሚስቶችን ሁሉ፣ በአንድ ልጅ ስስት የእንጀራ ልጆችን ሁሉ ይኮንናል። ሚስቲቱን በስጦታ የገዛት ግን ማን ነው? ንጉሡ አይደለምን? ስለዚህ በደሉ ግን ማንም አልጠየቀውም። በዘጸአት መጽሐፍ ፈርዖን ወንዶቹን ሕፃናት እንዲገድሉ ባዘዘ ጊዜ፣ በብልሃት መልሰው ያዳኗቸው የዕብራውያን አዋላጆች ናቸው። ለሴቶች ምሥጢርም ሆነ ሕይወት አይታመንም የሚል ሰው ይህን ታሪክ ደግሞ ያንብበው።

ለእኔ የዚህ ተረት ጀግና ስም እንኳ ያልተሰጠው ሽማግሌ ነው። የኮች ብልሃት ንጉሡን አሳፍሯል፤ አንገቱን ከሰይፍ ያዳነው ግን ዝም ማለት ሲችል የተናገረ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ተረቱን በኅብረታችሁ ስትተርኩት፣ ብልሁ ማን ነው ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ ስለ ታሰረው ሰው አፉን የከፈተው ማን ነው ብላችሁም ጠይቁ።