ጠጠሩ የማን ነው?

«ነፃ» የሚባለው ቃል ሰውን እንዴት እንደሚጠራ ያየሁት ብራይተን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 2002 ፋትቦይ ስሊም የተባለው ዲጄ በዚያች የእንግሊዝ ከተማ ባሕር ዳርቻ በነፃ ሲያጫውት፣ ይመጣል የተባለው 60 ሺህ ሰው ነበር። የመጣው 250 ሺህ ያህል ሆነ። ቅዳሜና እሁድን እዚያ ለማሳለፍ ከጓደኞቼ ጋር የሄድኩት እኔም ከቁጥሩ አለሁበት።

ሙዚቃው ደስ ይላል፤ አልዋሽም። አንዷ ሐረግ እየተደጋገመች ትመጣለች፤ የማያውቃት እንኳ በሦስተኛው ዙር አብሮ ይዘላል። ጉዱ የታየው ሙዚቃው ሲያበቃ ነው። ያ ሁሉ ጠጠር በጠርሙስና በቆርቆሮ ተሸፈነ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ተወው ባክህ፣ ማዘጋጃ ቤት ያነሳዋል» አለኝ።

እንግዲህ ያ ሕዝብ ሲጨፍር «እኛ» ነበር፤ ቆሻሻው ላይ ሲደርስ «እነሱ» አለ። እኛ ዘንድ በጥምቀት ወጣቶች ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ይጠርጋሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ጠቅልለው ደግሞ ወደፊት ይሮጣሉ። ከፋይ የላቸውም። «ሃይማኖት ስለሆነ ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል። «የእኛ ሰው ጨዋ ስለሆነ ነው» ማለት ግን አያዋጣም፤ ያው ወጣት ኮንሰርት ሲገባ የውሃ ፕላስቲኩን እግሩ ሥር ጥሎ ይወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰፈሩ ላይ ደጋሽ ነው፤ ኮንሰርቱ ላይ ከፍሎ የገባ እንግዳ።

ፋትቦይ ስሊም እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ ዓመት ዕለት ወደ ዳርቻው ሲመለስ ትኬቱ ለአካባቢው ነዋሪዎች ብቻ ሆነ። ብልሃቱ ገብቷቸዋል፤ ነገ ጠዋት እዚያው ጠጠር ላይ የሚሄደውን ሰው ጠሩ።